ሊያን እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ማቆየት

ኪዳነወልድ ቤዝ ጊታር መምታት ከጀመረ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ሰው ፊት መቆም መፍራት ከጀመረም እንዲሁ። በአስራ ስድስት ዓመቱ ከቀበሌ ኪነት ጋር መድረክ ላይ የወጣ ዕለት ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ከፊት የተቀመጡት አይተው ሳቁበት። ዛሬ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው፤ ሁለት ልጆች ድሯል፤ ጉልበቱ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ሲደርስ አሁንም ይንቀጠቀጣል። የሚስቅበት ግን የለም፤ ሰፊ ሱሪ መልበስ ተምሯል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት በአንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ አራት ሆነው ይጫወታሉ። ባንዱ በሰፈሩ ስም «ጠባሴ ብሉዝ» ይባላል። ሐሳቡን ያመጣው ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ የሚያስተምረው ኃይለ ገብርኤል ነው፤ ሊድ ጊታር ይመታል። የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝም የኛም ትዝታ ሆድ የባሰው ሰው ብቻውን የሚያንጎራጉራቸው ናቸውና ተጣልተው አያድሩም ብሎ አሳመናቸው። ዘፋኟ ሰብሪና የአልዩ አምባ ልጅ ናት፤ በሥራ ቀን ገበያ ላይ ጨርቅ ትሸጣለች። ድራም የሚመታው ፈረጅ ባለባጃጅ ነው።

የታዳሚውን ትኩረት የመጠበቅ ሥራ የኪዳነወልድ ነው። ማንም አልሾመውም፤ የፈራ ሰው ሁሉን ያያልና በራሱ ጊዜ ወደቀበት። በመጀመሪያው ዓመት አራት ቀስ ያሉ ዘፈኖችን አከታትለው ሲጫወቱ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ይተኛባቸው ነበር። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ሲያንኮራፋ ፈረጅ ድራሙን ከማንኮራፋቱ ጋር እየገጠመ መታለትና አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የዚያን ዕለት ትልቁ ጭብጨባ እሱ ነበር። ኪዳነወልድ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም። ከዚያ ወዲህ ከሁለት ቀርፋፋ ዘፈን በኋላ አንድ ፈጣን ያስገባል። ሰዉ ማውራት ሲጀምር ድራሙን ያስቆማል፤ የሚያወራው ሰው የገዛ ድምፁን ብቻውን ሲሰማው አፍሮ ዝም ይላል። ከሁሉ በላይ የሚጠብቀው ስልክ ነው። ሰው ስልኩን ካወጣ ያ ዘፈን ለሱ አልቋል። ከመድረክ ሆኖ የበሩትን ስልኮች ይቆጥራል፤ አራት ከደረሱ ለሰብሪና በቅንድቡ ይነግራታል።

ያዳናቸው ግን ወረቀቱ ነው። ድሮ አዝማሪ ቤት ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። እዚህ ግን የሚመጣው ከሌላ አገር የተመደበ መምህርና የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ሰው መሃል ተነስቶ መጮህ ያፍራል። ኪዳነወልድ ቁራጭ ወረቀትና እስክሪብቶ በየጠረጴዛው አስቀመጠ። ሰው ሁለት ስንኝ ይጽፋል፣ አስተናጋጇ በሻይ ትሪ ሰብስባ ታመጣለች፣ ሰብሪና የሰጪውን ስም ጠርታ ትዘፍነዋለች። የመጀመሪያው ቀን የመጣው ይሄ ነበር፤

የደብረ ብርሃን ብርድ ገባ አጥንቴ ድረስ፣
ብርድ ልብስ እየሠራሁ ያለ ብርድ ልብስ።

አዳራሹ ሦስት ጊዜ አስደገማት። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ባዶ ወንበር ታይቶ አያውቅም። አንድ ሕግ ብቻ አላቸው፤ የተሰጠ ግጥም ይዘፈናል። የሰውን ግጥም ተቀብሎ ሳይዘፍኑ መቅረት ለሰላምታ የተዘረጋን እጅ እንደማለፍ ነው።

በጥር መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኪዳነወልድ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ የጊታሩን ገመድ ሲያጠብቅ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው የእድሩ ዳኛ ጋሽ አለሙ ናቸው። ሌላዋ ወይዘሮ አበበች፣ ለሊያ ቤት ያከራዩዋት ሴትዮ። ሊያ ፋብሪካው ውስጥ ጥራት የምትቆጣጠር የእነዋሪ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከመድረኩ በስተግራ ካለችው ጠረጴዛ ቀርታ አታውቅም።

ወይዘሮ አበበች ተቀመጡ ቢባሉ አልተቀመጡም።

«ወንድሟ» አሉ። «ቢኒያም። ሐሙስ ሌሊት ሚሌ ላይ መኪናው ተገልብጦ።»

ኪዳነወልድ ጊታሩን ከጭኑ ላይ አወረደ። ቢኒያምን ያውቀዋል፤ ባለከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ሁለቴ ከእህቱ ጋር መጥቶ ሰምቷቸዋል። እናትና አባታቸው ቀድመው ስላለፉ እህቱን ያስተማራት እሱ ነው።

«አላወቀችም?»

«ከየት ታውቃለች። ሬሳው ዛሬ ማታ እነዋሪ ይገባል፣ ቀብሩ ነገ ነው» አሉ ጋሽ አለሙ። «አጎቷ ገብረአብ ወደዚህ ተነስቷል፤ ማታ ይደርሳል። መርዶ በማለዳ ነው፣ ዘመድ ባለበት። በልታ፣ ተኝታ፣ ከዚያ እንነግራታለን።»

«ቻርጀሯን ደብቄባታለሁ» አሉ ወይዘሮ አበበች። «ግን ስልኳ ገና ግማሽ አለው። ቤት ሁኚ ብላት ቅዳሜ ነው ብላ እምቢ አለች። ከጎረቤት አንዱ አምልጦት እግዜር ያጥናሽ ቢላትስ? እናንተ ጋ ብትሆን ይሻላል። እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ያዝልን፤ እኔ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

«በምን ልያዛት እትዬ?»

«ዝፈኑላታ። ምን ሌላ ሥራ አላችሁ።»

ጋሽ አለሙ ሲወጡ ከበሩ ላይ ተመለሱ። «ለማንም እንዳትናገር። ለባንዱም ቢሆን። ሁለት ሰው ያወቀው መርዶ ሦስተኛው ጋ በራሱ እግር ይሄዳል።»

ኪዳነወልድ የእናቱን ሞት የሰማው ከባጃጅ ሹፌር ነው። ሆስፒታል ሊጠይቃት ብርቱካን ይዞ ሲሳፈር፣ የጎረቤት ልጅ የሆነው ሹፌር ሰምቷል ብሎ፣ እግዜር ያጥናህ ጋሼ አለው። ብርቱካኑን የት እንዳደረገው እስከ ዛሬ አያውቅም። ስለዚህ እነጋሽ አለሙን እምቢ ማለት አልሆነለትም። ቁርሱንም አልበላም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ገብቶ የዘፈኖቹን ዝርዝር አወጣ። ሞት የሚል ሰረዘ። ወንድም የሚል ሰረዘ። መንገድ የሚልም ሰረዘ። ከአስራ አራቱ አምስት ቀሩ፤ ከአምስቱ አንዱ ስለ በቅሎ ነበር።

ፈረጅ ከኪዳነወልድ ትከሻ በላይ ዝርዝሩን አየና «ጋሼ፣ ብሉዝ ነን ወይስ የሠርግ ባንድ?» አለው።

«ሰዉ ዛሬ ደስ ይበለው።»

«ደስ ያለው ሰው እኛ ጋ ምን ሊሠራ ይመጣል?»

ሰብሪና ሳቀች። ኃይለ ገብርኤል ዝርዝሩን አይቶ መነጽሩን አወለቀና መልሶ አደረገው። ኪዳነወልድ ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ የጋሽ አለሙ ቃል ያዘውና ዘጋው። በኋላ ሲያስበው የዕለቱ ስህተት ያ ነበር። አራት ሰው በአንድ ምት ሲሄድ አንዱ ለብቻው ምስጢር ይዞ መሄድ አይችልም።

ሊያ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ገባች። ቢጫ ሹራብ ለብሳለች። በእጇ ሰላም አለቻቸው፣ ዝንጅብል ሻይ አዘዘች፣ ስልኳን ከስኒው አጠገብ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ኪዳነወልድ ሌላ ሰው ማየት ተወ። መቶ ሃያ ሰው ካለበት አዳራሽ ለሱ የቀረው አንድ ጠረጴዛና አንድ ስልክ ነው።

የመጀመሪያው ዘፈን አለፈ። በሁለተኛው ዘፈን መሃል ስልኩ በራ። ሊያ አነሳችውና ማያውን ተመለከተች። ኪዳነወልድ ዞሮ ለፈረጅ ብቻህን ምታ የሚለውን ምልክት ሰጠው። ፈረጅ ተራው እንዳልነበረ ያውቃል፤ ግን ፈረጅ ሲጋበዝ እምቢ አይልም። ከድራሙ ተነሳና ዱላዎቹን ይዞ ወረደ፤ የመድረኩን ጫፍ፣ የወንበር ጀርባ፣ የቢራ ሣጥን፣ በመጨረሻም የሊያን የሻይ ስኒ እየመታ በጠረጴዛዎቹ መሃል ዞረ። ሰዉ አጨበጨበ። ሊያ ሻይዋ እንዳይፈስ ስኒውን በሁለት እጇ ያዘች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ያ ለሩብ ሰዓት በቃ። ከዚያ ኪዳነወልድ ያለውን ሁሉ አወጣ። መብራቱን አስቀነሰ። ግማሹ አዳራሽ ሲጠራ ግማሹ እንዲመልስ አደረገ። የበቅሎዋን ዘፈን አስደገመ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን በወር አንዴ ነው የሚያደርገው፤ ወጥ ሁሉ በርበሬ ሲሆን ምላስ ይደነዝዛል ይላል። ዛሬ አስር ሰዓት ተኩል ሲል ዘዴው ሁሉ አለቀበት፤ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ቀርቶታል።

የወረቀቱ ሰዓት ደረሰ። ሰርዞት ቢሆን ደስ ባለው፤ ግን ሊያ የምትጠብቀው እሱን ነው፤ ሰዉም እንደዚያው። ስለዚህ ትሪውን ከአስተናጋጇ ተቀብሎ ቀድሞ ራሱ ሊያነብ ወሰነ። በሌላ ቀን ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ሰብሪና ነው የሚሄደው።

«ምነው ጋሼ፣ ሳንሱር ገባን?» አለችው ሰብሪና በማይክ፤ ሰዉ ሳቀ።

ሦስተኛው ወረቀት በጥንቃቄ ታጥፏል። ሲዘረጋው ጽሑፉ ያማረ ነው።

የሚሌ ጎዳና ምነው ባትጨክን፣
ብታሳልፍልን ጓዳችን ቢኒያምን።

ከሥሩ «ዓብዱራህማን፣ ከሹፌሮች» ይላል።

ወደ ሊያ ጠረጴዛ አየ። ወረቀቱን ወደ ኮት ኪሱ ከተተ፤ ሌሎቹን ለሰብሪና ሰጣት። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ባለሹራብ ኮፍያ ወጣት ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሰብሪና ቅድም አቅፋ ሰላም ያለችው የአገሯ ልጅ ዓብዱራህማን ነው። ሹፌሮቹ ጋ ወሬው ከትናንት ጀምሮ አለ። ልጁ ሁሉም የሰማ መስሎታል፤ ሐዘኑን የሚያወጣበት ቦታ ይሄ ሆኖ አግኝቶታል። የሟች እህት ከፊቱ ስምንት ወንበር ርቃ እንደተቀመጠች በምን ያውቃል?

ሰብሪና የመጀመሪያውን ወረቀት ዘፈነች፤ ሁለተኛውን ዘፈነች። ዓብዱራህማን ቀና ብሎ ጠበቀ። አራተኛው ሲዘፈን ፊቱ ተለወጠ። ዘፈኑ እንዳለቀ ተነስቶ በግድግዳው ጥግ ወደ መድረኩ መምጣት ጀመረ፤ ለሰብሪና በጆሮዋ ሊነግራት ነው። ኪዳነወልድ አንድ፣ ሁለት ብሎ ሳይቆጥር፣ ማንንም ሳያስጠነቅቅ የሚቀጥለውን ዘፈን ብቻውን ጀመረው። ፈረጅ ዱላው ከእጁ ሊወድቅ ደርሶ ተከተለ።

«ምን ሆነሃል?» አለው ኃይለ ገብርኤል እየመታ።

«ምታ ዝም ብለህ።»

ዓብዱራህማን ከመድረኩ ሥር ቆሞ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ተመልሶ ወደ ቦታው ሄደ፤ ግን አልተቀመጠም። እጁን አጣምሮ ቆመ። የተናቀ ሰው አቋቋም ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ ጮክ ብሎ እንደሚናገር፣ ሲናገርም የቢኒያምን ስም እንደሚጠራ ኪዳነወልድ ዓይኑ እያየ አወቀ። ወርዶ ሊይዘው አሰበ፤ ጊታሩን ከድምፅ ማጉያው ጋር የሚያያዘው ሽቦ ሦስት ሜትር ነው። ነቅሎ ቢወርድ ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያያል፤ ሊያም ታያለች። የዘፈኑን መጨረሻ አራት ጊዜ አስረዘመ። ሁለት ጊዜ ምት ሳተ።

ሊያ የጻፈችውን ወረቀት በእጇ ይዛ እስከ መድረኩ መጥታ ያቀበለችው ዘፈኑ እንዳቆመ ነው። እየሳቀች ነበር። ኪዳነወልድ አንገቱን አጎንብሶ አነበበው፤

መጣሁ መጣሁ ሲለኝ ወንድሜ ሹፌሩ፣
ያቆየሁት ዶሮ አረጀ ከበሩ።

ሁለት ወረቀት ኪስ ሊገባ አይችልም። ልጅቱ ከፊቱ ቆማለች። እምቢ ቢላት ለምን ትላለች፤ ለለምን መልስ የለውም። ቢያዘፍነው ደግሞ የሞተን ሰው በሕይወት እንዳለ በእህቱ አፍ ማስጠራት ነው። ወረቀቱን ለሰብሪና ዘረጋላት።

«ይሄ ከሊያ ነው» አለች ሰብሪና በማይኩ። «ለወንድሟ ለቢኒያም። ገና ላይ እመጣለሁ ብሎ ቀረ፤ ጥምቀት ላይ ብሎ ቀረ። ቢኒያም፣ ያለህበት ስማ።»

ኪዳነወልድ ከኋላ ያለውን ልጅ አየው። ዓብዱራህማን አፉን ከፍቶ ነበር። ሰብሪና ያለችውን ሰማ፤ ቢጫ ሹራብ የለበሰችው ሴት ስትስቅ አየ። የተጣመረው እጁ ተፈታ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ኪዳነወልድ ከሩቅ አነበበው፤ ኢና ሊላሂ። ከዚያ ኮፍያውን እስከ ዓይኑ ስቦ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ወጣ።

ሊያ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ግጥሟን ትቀዳ ነበር። ሲያልቅ ጎንበስ ብላ ለቢኒያም ላከችው። ትንሽ ጠበቀች፤ «ኔትወርክ የለውም መሰል» አለች ከአጠገቧ ላለችው ሴት፤ «አንድ ራይት ብቻ ነው የሚያሳየኝ።» ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ጠፋ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሲል ወይዘሮ አበበች በሩ ላይ ታዩ፤ ራሴን አሞኛል፣ ደግፊኝና እንሂድ ብለው ይዘዋት ወጡ። ኪዳነወልድ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ዓብዱራህማን ከአዳራሹ ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘው።

«ጋሼ፣ ወላሂ አላወቅኩም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ልጮህ ነበርኮ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።»

ኪዳነወልድ አጠገቡ ተቀመጠ። ፈረጅና ሰብሪና ስለ ዕለቱ አጨዋወት ሊቆጡት ተከትለውት ወጥተው ነበር፤ ሁለቱን አይተው ቆሙ። ያን ጊዜ ነገራቸው። ሰብሪና ማይክ ይዛበት የነበረውን እጇን ባፏ ላይ አደረገች። «ስማ ነው ያልኩት» አለች። «ያለህበት ስማ።»

በማለዳ፣ ገና ውርጩ ሣሩን እንዳነጣው፣ አጎቷ ገብረአብ፣ ጋሽ አለሙ፣ ሦስት የእድር ሰዎችና ኪዳነወልድ ወደ ሊያ ቤት ሄዱ። ኪዳነወልድን ና ያሉት ጋሽ አለሙ ናቸው። በሩን ስትከፍት ልብሷን ለብሳ ነበር። አጎቷ ነገሩን በሁለት ቃል ተናገሩ። የሆነው እንደሚሆነው ሆነ። ሁለት ሰዓት ላይ በሚኒባስ ወደ እነዋሪ ተነሱ፤ ሊያ ኪዳነወልድን እጁን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠችው። ለምን እንደሆነ ባለማወቁ ፈራ።

የደነባን ከተማ ካለፉ በኋላ ከመስኮቱ ፊቷን ሳትመልስ «ጋሽ ኪዳኔ» አለችው።

«አቤት።»

«ትናንት ወረቀት ወደ ኪስህ ስትከት አይቼሃለሁ።»

ወደ እሷ ዞረ።

«የማንንም ወረቀት ከተህ አታውቅም። ደግሞ ስትከት እኔን ነው ያየኸው። ነገሩን ለራሴ አልነገርኩትም። ማታ እትዬ አበበች ብዪልኝ ብለው ሦስቴ ሲጨምሩልኝ፣ ቻርጀሬም ሲጠፋ፣ ጨርሼ አወቅሁ።»

«እና ሌሊቱን?»

«ዓይኔን ጨፍኜ አደርኩ። እትዬ በየሰዓቱ በር ከፍተው ያዩኛል፤ እኔ እንደተኛ ሰው እተነፍሳለሁ። እስኪነጋ ያቆዩልኝ ነገር ነው፤ እኔም ላቆይላቸው አልኩ።»

«ግጥምሽን ባላዘፍነው ኖሮ» አለ ኪዳነወልድ።

«እሱን አትንካው። እየሳቅኩ የጠራሁት ቀን ነው።»

መኪናው ከዋናው መንገድ ወጣ። ከሩቅ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ቆሞ ታየ፤ ሁለት ሦስት መቶ ይሆናል። የመኪናውን ድምፅ ሲሰማ ሁሉም በአንድ ጊዜ ዞረ። ሚኒባሱ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ማንም ግን አልወረደም። ሊያ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ፈራሁ» አለችው በቀስታ። «ቅደምልኝ።»

የኪዳነወልድ ጉልበት እንደ ቅዳሜው ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀድሞ ወረደና እጁን ዘረጋላት።